ዳማከሴ፣ መርፌ፣ ከዚያ አልማዝ ባለጭራ፦ ኩላሊት የተተከለለት የጎንደር መምህር ጉዳይ

ታካሚው እዚሁ ጎንደር የሚያስተምር የአንደኛ ደረጃ መምህር ነው። በአርባዎቹ ዕድሜ ላይ ያለ፣ የልጆች አባት። ኩላሊቶቹ ሥራ አቁመው ለወራት በእጥበት ኖሯል። በኋላ ታናሽ እህቱ አንዱን ኩላሊቷን ሰጠችውና አዲስ አበባ ላይ ንቅለ ተከላ ተደረገለት። አሁን የምጽፈው ነገር የደረሰበት ከዚያ ዓመት ከመንፈቅ ቆይቶ፣ በዓቢይ ጾም ነው። ስሙንና ማን እንደሆነ የሚያስታውቁ ነገሮችን ትቻለሁ።

ጎንደር የጤና ባለሙያ ማሠልጠን ከጀመረች 70 ዓመት አልፏታል። ኩላሊት የሚተከለው ግን እዚህ አይደለም። በአገራችን ንቅለ ተከላው የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መግቢያ፣ አዲስ አበባ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ነው። ሰጪውም በሕይወት ያለ ዘመድ ነው። ስለዚህ የእኛ ሰው እዚያ ተተክሎለት ይመጣል፣ እኛ እዚህ እንከታተላለን። በእኛና በተከሉት ሐኪሞች መካከል ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ አለ። መንገዱ ደግሞ ሁልጊዜ ክፍት አይደለም።

መምህሩ በየቀኑ ሦስት መድኃኒት ይውጣል፦ ታክሮሊመስ፣ ማይኮፌኖሌትና ፕሬድኒሶሎን። ሥራቸው የሰውነትን መከላከያ ማዳከም ነው። ሰውነት የእህትን ኩላሊትም ቢሆን ባዕድ ነው ብሎ ያጠቃዋልና። ጥቃቱን የሚመሩት ቲ ሴል የሚባሉት ነጭ የደም ሕዋሳት ናቸው። ታክሮሊመስ እነሱን የሚቀሰቅሰውን መልእክት ይቆርጣል። ማይኮፌኖሌት እንዳይባዙ ያግዳል።

ችግሩ፣ እነዚሁ ሕዋሳት ሌላም ሥራ አላቸው። በልጅነታችን ይዘውን ሳይወጡ የቀሩ ቫይረሶችን አንገት አስደፍተው የሚያኖሩት እነሱ ናቸው። ጉድፍ የወጣበት ልጅ ይድናል፤ ቫይረሱ ግን አይወጣም። ከአከርካሪ አጥንት ጎን ባሉት የነርቭ ሥሮች ገብቶ ይተኛል፤ 30 ዓመትም ይሁን 50 ዓመት። ሲነቃ የሚወጣው አልማዝ ባለጭራ ሆኖ ነው። ሳይቶሜጋሎ ቫይረስ፣ ኤፕስታይን ባር፣ ኩላሊት ውስጥ የሚተኛው ቢኬ ቫይረስ፣ የጉበት ቫይረስ ቢም እንዲሁ ተደብቀው መኖር ያውቁበታል። ኩላሊት የተተከለለት ሰው ሲታመም ከውጭ ከመጣው ተዋህሲ እኩል የምንጠረጥረው ይሄን ከውስጥ የሚነሳውን ነው።

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ በነበሩት የመጀመሪያ ወራት መምህሩ ቫልጋንሲክሎቪር ይወስድ ነበር። የታዘዘለት ለሳይቶሜጋሎ ቫይረስ ነው፤ የጉድፉን ቫይረስም አብሮ ይይዛል። ብዙ ጊዜ ከ3 እስከ 6 ወር ይሰጥና ይቆማል። አልማዝ ባለጭራ ዕድል የሚያገኘው እንግዲህ ያ ጠባቂ ከተነሳ በኋላ ነው።

ሕመሙ የጀመረው በቀኝ ጎኑ ነው። ከጀርባው ተነስቶ እስከ ጡቱ ሥር ያቃጥለዋል፤ አንዳንዴም ውግት ያደርገዋል። ቆዳው ላይ ምንም አይታይም። "ሸሚዝ ሲነካኝ ነው የሚብስብኝ" አለኝ በኋላ። ክፍል ውስጥ በአንድ እጁ ጠመኔ፣ በሌላው የሸሚዙን ጎን ከገላው አርቆ ይዞ ነበር የሚያስተምረው። የዚህ በሽታ ጠባይ ነው። ሽፍታው ሳይወጣ ቀናት ቀድሞ ነርቩ ያማል። በዚህ ሰዓት ሐኪምም ቢሆን ሐሞት ነው፣ ሳንባ ነው፣ ልብ ነው ሊል ይችላል።

ባለቤቱ "ምች ነው" አለች። ከግቢያቸው ዳማከሴ ቀጠፈች፣ በመዳፏ አሸችው፣ አረንጓዴውን ጭማቂ ቡናው ላይ ጠብ ጠብ አደረገችለት። እኔም በዳማከሴ ነው ያደግሁት፤ አልንቀውም። ግን ታክሮሊመስ የዋዛ መድኃኒት አይደለም። ትንሽ ሲበዛ ራሱ ኩላሊቱን ይጎዳል፣ ትንሽ ሲያንስ ኩላሊቱን ለሰውነት መከላከያ አሳልፎ ይሰጣል። መጠኑ በደም ምርመራ እየታየ የሚስተካከለው ለዚህ ነው። በመዳፍ የተጨመቀ ነገር ከዚህ ጋር አይሄድም።

በማግስቱ ወደ አንድ መድኃኒት ቤት ጎራ አለ። "ጎኔን ይዞኛል" አለ። "ብርድ ነው፣ መርፌ ውሰድ" ተባለ። ዳይክሎፌናክ ወጉት፣ የሚዋጠውንም ጨምረው ሰጡት። ሌላ ምን መድኃኒት ትወስዳለህ ብሎ የጠየቀው የለም። እሱም አልተናገረ። የጎን ሕመም ከኩላሊቱ ጋር ይገናኛል ብሎ አላሰበማ። የተተከለው ኩላሊት ያለው ከሆዱ በታች በቀኝ በኩል ነው፤ የሚያመው ደግሞ ጡቱ ሥር።

እኔ ከሁሉም የማዝነው በዚህች መርፌ ነው። ወደ ኩላሊት ማጣሪያ የሚገባው ደም የሚያልፈው በቀጭን ሥር ነው። ታክሮሊመስ ያን ሥር ያጠበዋል። ሰውነት ደግሞ ፕሮስታግላንዲን በሚባል ንጥረ ነገር መልሶ ያሰፋዋል። ዳይክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌንና መሰሎቻቸው የሚያግዱት ይህንኑ ማስፊያ ነው። ስለዚህ ለጤነኛ ሰው የወገብ ማስታገሻ የሆነው መርፌ፣ ታክሮሊመስ ለሚወስድ ሰው የኩላሊቱን ደም መቀነሻ ይሆናል። ሰውየው ውሃ ከጠማው ደግሞ እጥፍ ነው።

ውሃ ደግሞ ጠምቶታል። ጾሙን እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ይዞ ይውል ነበር፤ እህል ብቻ ሳይሆን ውሃም። ጠዋት 1 ሰዓት የሚዋጠውን ታክሮሊመስ ወደ 9 ሰዓት ገፍቶታል። የማታውን ግን በሰዓቱ ይውጠዋል። በየ12 ሰዓቱ መሆን የነበረበት በአራት ሰዓትና በሃያ ሰዓት ልዩነት ሆነ ማለት ነው። ይህን ለንስሐ አባቱም ለእኛም አልነገረም።

በሦስተኛው ቀን ቆዳው ቀላ፤ ከዚያ ውሃ የቋጠሩ ጥቃቅን ፊኛዎች ተሰብስበው ወጡ። ከአከርካሪው ጀምሮ በጎኑ ዞረው ጡቱ ሥር ደረሱ። አንዲት ጎረቤት ገና ስታየው "ውይ! አልማዝ ባለጭራ ነው" አለች። እውነቷን ነው። ቀጥላ "ዙሮ ከገጠመ አይተርፍም" አለች። የዚህን ግማሹን ልቀበላት እችላለሁ። አንድ ነርቭ የሚያገለግለው የሰውነትን አንድ ጎን ብቻ ስለሆነ ሽፍታው ብዙ ጊዜ መሃል ላይ ሲደርስ ይቆማል። ጤነኛ ሰው ላይ ዙሮ መግጠሙ እጅግ ብርቅ ነው። መከላከያው የተዳከመ ሰው ላይ ግን ቫይረሱ በደም ተሳፍሮ ወደ ሌላው ገላ ሊዘልቅ ይችላል። ሳንባ፣ ጉበትና አንጎል ላይ ከወጣ ደግሞ ይገድላል። የሰፈሩ ፍርሃት ከምንም የመጣ አይደለም።

ሹክሹክታውም ወዲያው ተጀመረ። በአንድ ወቅት አልማዝ ባለጭራ የወጣበት ወጣት ሁሉ ኤችአይቪ ተመርመር ይባል ነበር። ምክንያት ነበረው፤ ኤችአይቪም የሚያዳክመው እነዚያኑ ቲ ሴሎች ነው። ትዝታው አሁንም ሰው ልብ ውስጥ አለ። መምህሩ ሐኪም ቤት ከመሄድ ይልቅ ቤቱ የተደበቀው በዚህ ይመስለኛል። በዘመድ ጥቆማ የባህል ሐኪም መጣና ቁስሉ ላይ ጥቁር ልጥፍ ለጠፈበት። የሚስቱ ወንድም ደግሞ "ይሄን ሁሉ ያመጣብህ ያ የአዲስ አበባ ኪኒን ነው፤ ተወው" አለው። ተወው።

ያተረፈችው እህቱ ናት። አዘዞ ነው የምትኖረው። በስልክ ስትሰማ ባጃጅ ይዛ መጣች። ፊቱ ላይና ክንዱ ላይ አዳዲስ ፊኛዎች አይታ፣ ኪኒን ማቆሙን ስትሰማ ጮኸችበት። "ወንድምዓለም፣ የሰጠሁህ እንድትጥለው ነው? ኩላሊቴን ነው የምታቆመው!" ደግፋ አወጣችው፣ እኛ ዘንድ አመጣችው።

ሲደርስ ትኩሳቱ 38.6 ነበር። የደም ግፊቱ ዝቅ ብሏል፣ ምላሱ ደርቋል። ልጥፉን በጨው ውሃ አርሰን ቀስ ብለን ስናነሳው ከሥሩ መግል ነበር። ከዋናው መስመርና ከአጎራባቾቹ ውጭ ፊቱ፣ ክንዱና ሆዱ ላይ የተበተኑትን ፊኛዎች ቆጠርን። ከ20 በላይ ከሆኑ ተሠራጭቷል ይባላል፤ የእሱ ከዚያ አልፏል። ዓይኑ ደህና ነው። አፍንጫ ጫፍ ላይ ቢወጣ ዓይንን ስለሚያሰጋ እሱንም አየን፤ የለም። የደረት ራጁ ንጹህ ነው። የጉበት ምርመራው ጥቂት ከፍ ብሏል። ኤችአይቪ የለበትም። ኩላሊት ሲደክም በደም ውስጥ የሚጨምረው ክሬቲኒን ግን ባለፈው ቀጠሮ 1.2 የነበረው 2.3 ገብቷል።

ነገሩ የከበደው እዚህች ቁጥር ላይ ነው።

ኩላሊት የተተከለለት ሰው ክሬቲኒኑ ሲያሻቅብ መጀመሪያ የሚመጣብን ሰውነቱ ኩላሊቱን እየተቃወመ ነው የሚል ስጋት ነው። መድኃኒቱን አቁሟል፣ ሰዓቱን አዛብቷል፤ ለመጠርጠር በቂ ነው። የዚያ ሕክምና ከባድ መጠን ያለው ስቴሮይድ በደም ሥር መስጠት ነው፤ ማለትም መከላከያውን ይበልጥ መጣል። በደሙ ቫይረስ ለተሠራጨበት ሰው ይህን ማድረግ እሳት ላይ ቤንዚን መጨመር ነው። ሁለተኛው ጥርጣሬ ቢኬ ቫይረስ ነው። እሱም የተተከለውን ኩላሊት ውስጥ ውስጡን ይበላል፤ ሕክምናው ግን ተቃራኒ ነው፣ መድኃኒቱን መቀነስ። ሦስተኛው፦ የውሃ እጥረት፣ ዳይክሎፌናክና ታክሮሊመስ ተባብረው የሠሩት ጉዳት። አንድ ቁጥር፣ ሦስት ምክንያት። የሚለያቸው ከኩላሊቱ በመርፌ የሚወሰድ ናሙና ነው። ትኩሳትና የቆዳ መግል ያለበትን ሰው በዚያ ሌሊት ለመውጋት አልደፈርንም። የታክሮሊመስ መጠን ምርመራው ደግሞ ናሙናው አዲስ አበባ ደርሶ እስኪመለስ ነው።

የሚገርመው፣ የዳይክሎፌናኩን ነገር የነገረን ታካሚው አይደለም። "ምን ወሰድክ?" ሲባል "ምንም፣ የማስታገሻ መርፌ ብቻ" ነው ያለው። እህቱ የጃኬቱን ኪስ ስትፈትሽ እሽግ ኪኒን አወጣች። ከአሥሩ አራቱ ተውጠዋል። ጀርባው ላይ ያለውን ስም ሳነብ ግማሹ መልስ እጄ ገባ። ታካሚን ምን ትወስዳለህ ብሎ ከመጠየቅ ኪሱንና ቦርሳውን አውጣ ማለት እንደሚሻል ከዚያ በፊትም አውቅ ነበር፤ እንደዚያ ቀን ግን አይቼው አላውቅም።

ቢኬን በተመለከተ ርካሽ መንገድ አለ። ቫይረሱ ሽንት መሽኛው ውስጥ ያሉትን ሕዋሳት ያሳብጣቸዋል፤ እነሱም ከሽንት ጋር ይወጣሉ። ጥሩ ዓይን ያለው ሰው በማይክሮስኮፕ ያገኛቸዋል። ፈልገን አላገኘንም። ይህ ቢኬን ሙሉ በሙሉ አያስቀርም፤ ትክክለኛው ምርመራ በደም ውስጥ የቫይረሱን ብዛት መለካት ነው። ግን ሚዛኑን ወደ ሦስተኛው ምክንያት ያደፋዋል። በነገራችን ላይ ይህ ቫይረስ መጀመሪያ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1971፣ ለንደን ውስጥ ኩላሊት ከተተከለለት አንድ ሰው ሽንት ነው። ሰውየው ሱዳናዊ ነበር፤ ከእኛ መተማን ተሻግሮ ካለው አገር። ቢኬ የስሙ መነሻ ፊደላት ናቸው።

ለንቅለ ተከላ ሐኪሞቹ አዲስ አበባ ደወልን። ኔትወርኩ ሁለቴ ተቆረጠ። ተነጋግረን የተስማማነው ይህ ነው፦ ማይኮፌኖሌት ለጊዜው ይቁም። ታክሮሊመስ በሰዓቱ ይቀጥል። ፕሬድኒሶሎን እንዳይነካ፤ ለረጅም ጊዜ የወሰደው ሰው በድንገት ካቆመው ሰውነቱ የራሱን ስቴሮይድ ማመንጨት አቅቶት ይወድቃል። ዳይክሎፌናክ በቃ። ፈሳሽ ይሰጥ። የቫይረሱ መድኃኒት አሲክሎቪር በደም ሥር ይጀመር። ከባዱን ስቴሮይድ እንያዘው፤ ክሬቲኒኑ በጥቂት ቀናት ካልወረደ ግን ናሙናው ይወሰዳል።

እንግዲህ የሚስቱ ወንድም ፈጽሞ ተሳስቷል ማለት አይቻልም። ቫይረሱን የቀሰቀሰው በእርግጥ "የአዲስ አበባ ኪኒን" ነው። እኛም ከሦስቱ አንዱን አቁመናል። ልዩነቱ የትኛው፣ እስከ መቼ፣ ምን እየታየ የሚለው ላይ ነው። ይህን ለወንድምየው፣ ከታካሚው አልጋ አጠገብ ቁጭ ብዬ ነገርኩት። ዝም ብሎ ሰማኝና "ታዲያ አንዱን ብቻ ተው ብለው ቢነግሩን ምን ነበረበት?" አለኝ። ጥያቄው ተገቢ ነው።

አሲክሎቪር ራሱ ጠንቅ አለው። በፍጥነት ከተሰጠ ኩላሊት ውስጥ እንደ ጥቃቅን ክሪስታል ይጋገርና ይዘጋዋል። ስለዚህ መጠኑ በክብደት ይሰላል፤ ለአንድ ኪሎ 10 ሚሊ ግራም። ደህና ኩላሊት ላለው በየ8 ሰዓቱ ነው፤ ለእሱ በየ12 ሰዓቱ አደረግነው። እያንዳንዱ መጠን ቢያንስ አንድ ሰዓት ፈጅቶ መግባት አለበት። የሌሊቷ ነርስ ፕላስተር ቀድዳ ግሉኮሱ ላይ ለጠፈችና የተጀመረበትንና የሚያልቅበትን ሰዓት በእስክሪብቶ ጻፈችበት። የሽንቱንም ልክ በየሰዓቱ መዘገበች። ለቆዳው መግል ክሎክሳሲሊን ጨመርን። ኤሪትሮማይሲን ወይም ክላሪትሮማይሲን ቢሆን ታክሮሊመሱን ሽቅብ ይሰድደው ነበር።

ለብቻው ክፍል ሰጠነው። የአልማዝ ባለጭራ ፊኛ ውሃ ጉድፍ ላልያዘው ሰው ጉድፍ ያስይዛል፤ እንደ እሱ የተሠራጨ ከሆነ በትንፋሽም ይተላለፋል። ጠያቂው ብዙ ነበር፤ ጎንደር ነው፣ ታማሚ ሳይጠየቅ አይቀርም። ሕፃን ያቀፉትንና ነፍሰ ጡሮችን ከበር መለስን። የተቀየመ አለ። ጠበል እንወስደዋለን ያሉም ነበሩ፤ ፊኛዎቹ ሙሉ በሙሉ እስኪደርቁ ሕዝብ ከተሰበሰበበት ቦታ ይራቅ፣ ከዚያ በኋላ የእናንተ ነው አልናቸው።

በሦስተኛው ቀን አዲስ ፊኛ መውጣቱ ቆመ። ክሬቲኒኑ 1.8 ሆነ፣ ከዚያ 1.5። ከባዱን ስቴሮይድ ሳንሰጥ መውረዱ ሰውነቱ ኩላሊቱን እየተቃወመ አለመሆኑን በደንብ ያሳያል። ከሳምንት በላይ ከተኛ በኋላ ወደሚዋጥ አሲክሎቪር አዞርነውና ወደ ቤቱ ሄደ። የሚዋጠው በቀን 5 ጊዜ ነው። "ጾሙስ?" አለ። የንስሐ አባቱን አስጠራናቸው። ገብተው ገና ሳይቀመጡ "ልጄ፣ ማን ጹም አለህ?" አሉት። "ጤነኛ መስሎኝ ነው አባቴ" አላቸው። ጳጳሳትም ለሕመምተኛ ይፈቅዳሉ፣ እኔም ፈቅጄልሃለሁ፣ ውሃህን ጠጣ፣ መድኃኒትህን በሰዓቱ ዋጥ ብለው ባረኩት። የእኔ ምክር ያንን ያህል ክብደት አልነበረውም።

ሊወጣ ሲል አንድ ነገር ጠየቀኝ። "ዶክተር፣ ኤችአይቪ የለበትም ብለህ ማኅተም ያለበት ወረቀት ጻፍልኝ። ለሰፈር ማሳየት አለብኝ።" ወረቀቱን መጻፍ ቀላል ነበር። አልወደድኩትም። እሱ ወረቀት ካሳየ፣ ነገ ማሳየት የማይችለው ሌላው ሰው በሰፈር ፊት ይፈረድበታል። የታመመውም ቢሆን ወረቀት የሚጠየቅበት ምክንያት የለም። "ኩላሊት ስለተተከለልኝ ነው የወጣብኝ በላቸው፤ እውነቱ እሱ ነው" አልኩት። ደስ አላለውም። በኋላ ባለቤቱ በቡና ላይ ለጎረቤቶቿ አንድ በአንድ እንዳስረዳች ሰማሁ።

ቆዳው አገገመ። የነርቭ ሕመሙ ግን አልለቀቀውም። ሌሊት ሌሊት ያቃጥለዋል። ፓራሲታሞል ብቻውን አልበቃውም፤ ማታ ማታ ትንሽ አሚትሪፕቲሊን ጀመርንለት። አፌን ያደርቀኛል ይላል፣ እንቅልፍ ግን ሰጥቶታል። በመካከሉ አንድ ወዳጁ ለነርቭ ሕመም ጥሩ ነው ብሎ ካርባማዜፒን ሊያመጣለት ነበር። እሱ ደግሞ ጉበት ታክሮሊመስን ቶሎ ቶሎ እንዲያስወግድ ስለሚያደርግ መጠኑን ያወርደዋል። ደግነቱ በዚህ ጊዜ ሳይውጥ ደወለ።

ክትባትም አንስተናል። ሕይወት ያለው ቫይረስ የያዘ ክትባት ንቅለ ተከላ ለተደረገለት ሰው አይሰጥም። ለአልማዝ ባለጭራ ግን ሕያው ያልሆነ፣ በሁለት ዙር የሚሰጥ ክትባት አለ፤ አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2017 ፈቀደችው፣ በ2021 ደግሞ መከላከያቸው ለተዳከመ አዋቂዎች አሰፋችው። በእኛ መደበኛ የክትባት መርሃ ግብር ውስጥ የለም። ውጭ አገር ዘመድ ያለው ሰው "ላክልኝ" ሊል ይችላል፤ ሳይሞቅ በቅዝቃዜ እንደተጠበቀ ጎንደር መድረስ አለበት፣ ያ ደግሞ በሻንጣ የሚሆን ነገር አይደለም። ከንቅለ ተከላው በፊት፣ ገና እጥበት ላይ ሳለ ቢታሰብበት ይሻል ነበር።

የታክሮሊመሱ ውጤት ከአዲስ አበባ የመጣው እሱ ቤቱ ከገባ በኋላ ነው። ዝቅ ያለ ነበር፤ ካቆመበት ቀን ጋር ይሄዳል። በድጋሚ ሲለካ ወደ ልኩ ተመልሷል። ክሬቲኒኑ 1.3 ላይ ቆሟል፤ የድሮዋ 1.2 እስካሁን አልተመለሰችም። ማይኮፌኖሌቱን ፊኛዎቹ ሁሉ ከደረቁ በኋላ በግማሽ መጠን መልሰን ጀምረናል። ወደ ሙሉው ይመለስ ወይስ በግማሹ ይቆይ የሚለው በሰኔው ቀጠሮ የሚወሰን ነው። እኔ ትንሽ እንቆይ እላለሁ፤ የአዲስ አበባዎቹ ደግሞ ኩላሊቱን አስበው ቶሎ ይመለስ ይላሉ። እህትየው ከእነሱ ጋር ናት።